ተቃዋሚ ቡድን፦ ሦስት ሰው

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የእህል መጋዘን ነበር። እህሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም የማሽላ አቧራና የማዳበሪያ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር፣ ብሎኬቱ በሚያልቅበት፣ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አለ፤ ብርሃኑም፣ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም፣ ትንኙም የሚገቡት በዚያ ነው። ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከጥግ ሆኖ፣

«በምን ገባህ?» አለኝ። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ እሱ ነበር።

«በጉምሩክ።»

«ኮንትሮባንድ?»

«አይደለም፤ ክርክር ነው።»

ቦታ አሳየኝና ፊቱን መለሰ። እኔም የማስረዳበት አቅም አልነበረኝም። ዛሬም ቢሆን ነገሩን ለሰው ማስረዳት ያታክተኛል።

ውጫሌ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የክርክር ክበብ ነበረን። ተማሪዎቹ ለዓመታት የሚከራከሩት በሦስት ርዕስ ብቻ ነው፤ ከብዕርና ከጎራዴ፣ ከሀብትና ከእውቀት፣ ከገጠርና ከከተማ የቱ ይበልጣል። ብዕር ሲያሸንፍ መስማት ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ቀን በሬዲዮ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ስለገጠማት የቀረጥ ጣጣ ሰማሁና «ይሄ ደህና ርዕስ ነው» ብዬ አሰብኩ። ሩቅ አገር ነው፤ ማንንም አይነካም። ረቡዕ ማለዳ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ከፖለቲካ ኅብረት የሚወጣ አገር የጉምሩክ ትስስሩን ይዞ መቆየት አለበት ወይስ የለበትም? ደጋፊ ቡድን፦ ሦስት ሰው። ተቃዋሚ ቡድን፦ ሦስት ሰው። ዳኛ፦ መምህሩ።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዎች ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ደወሉ እስኪደወል ጠበቁኝ፤ ይህን አልክድም። «አንድ ጊዜ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ውጫሌ ቦታ የለም ተባለና በፒካፕ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድን። ያቺ «አንድ ጊዜ» ሰባት ሳምንት ፈጀች።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድሮ እህል ይመዘንበት የነበረ ክፍል ነው፤ ትልቁ ሚዛን አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ጃኬቱን እሱ ላይ ሰቅሎታል። ዕድሜው ካስተማርኳቸው ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አይበልጥም። ማስታወቂያዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የተለጠፈበት ስፒል እንኳ አልተነቀለም።

«ይሄ የሚወጣው አገር የትኛው ነው?»

«እንግሊዝ።»

«እንግሊዝ የሚል እዚህ ላይ የለም።»

«ርዕሱ ጠቅለል ብሎ ነው የተጻፈው። ምሳሌው ግን እንግሊዝ ነው።»

«ስለዚህ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል፤ ግን…»

ጻፈ። ወረቀቱ ከተቀመጥኩበት ተገልብጦ ይነበብልኛል። «ሌላ አገር ሊሆን ይችላል» ይላል። «ግን» የምትለዋ የለችም።

«ጉምሩክ ስትል ኬላ ማለትህ ነው?»

«አይደለም። አገሮች ተስማምተው በጋራ የሚያስከፍሉት ቀረጥ ነው።»

«ቀረጥ የሚከፈለው ኬላ ላይ አይደለም?»

«ነው፣ ግን…»

«እሺ፣ ኬላ ነው።» ጻፈ። ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «አሁን ወደ ተቃዋሚው እንምጣ። ሦስቱ እነማን ናቸው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ጥሩ አልሠራሁም።

«ተቃዋሚ ማለት እኮ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ርዕሱን የሚቃወም ማለት ነው። የትም አገር ክርክር ላይ ደጋፊና ተቃዋሚ አለ። ዕጣ ነው የሚያወጡት።»

«ደጋፊዎቹን አልጠየቅኩህም።»

ረቡዕ ዕጣ የደረሳቸው ሦስቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች፤ ትድፈር ብዬ ነው ንግግሩን እሷ እንድትከፍት ያደረግኳት። ስሟ አፌ ላይ ነበር። «ገና አልመደብኩም» አልኩት። ከዚያ በፊት ለመንግሥት ሰው ዋሽቼ አላውቅም።

«ከምሳ በኋላ ቃልህን ጽፌ እጠራሃለሁ» አለኝ። «እስከዚያ አስታውስ። ካላስታወስክ ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ሄጄ ራሴ እለቅማቸዋለሁ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦው ከጎኑ አስቀመጠኝና «አሁን ንገረን» አለ። ሐይቅ ከተማ የታወቀ እህል ነጋዴ ነው፤ በምን እንደገባ ለራሱም አልተነገረውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። «ተቃዋሚ» ጋ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ ካቦው ግንባሩን አሻሸ።

«ጥያቄው ግን ደግ ጥያቄ ነው» አለ።

«ተወው እባክህ» አልኩት።

«ለምን እተወዋለሁ? የወጣ ወጣ ነው! ጎረቤቴ ከእድራችን ወጥቶ ሲያበቃ ድንኳኑን አውሱኝ ቢለኝ እሰጠዋለሁ እንዴ?»

«ድንኳኑ ሲገዛ እሱም አዋጥቶ የለ?» አለ ከወዲያኛው ረድፍ አንዱ።

«ያዋጣውን ይውሰዳ!»

«ምን አድርገህ ነው የምትሰጠው? ድንኳኑን ቀደህ?»

አለቀ። በደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እንግሊዝም ጉምሩክም ተረስቶ ሐይቅ ውስጥ አለ ስለተባለ አንድ እድር መጯጯህ ተጀመረ። ማን እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ፣ እናቱ ስትሞት ድንኳኑ ተሰጠው ወይስ ተከለከለ። «ዳኛ አንተ አይደለህ? ፍረድ እንጂ!» እያሉ እጄን ይጎትታሉ። ራሴን ጉልበቶቼ መሀል ቀበርኩ። በዚህ ክርክር ታስሬ፣ ከዚሁ ክርክር የምሸሽበት አንድ ጥግ አጣሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል ወይም ይጸልያል። እኔን የያዘኝ ንዴት ብቻ ነበር። በመርማሪው ተናደድኩ፣ በካቦው ተናደድኩ፣ ብዕርና ጎራዴ አልበቃ ባለኝ በራሴም ተናደድኩ።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ነበሩ። ሽርጥ ለብሰዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳረፈች ማርሽ እንደሚቀይር ሰው ትንቀሳቀሳለች። ከሐይቅ ዳር ሽንኩርት ጭነው ሲሄዱ «ለማን ነው የጫንከው?» ተብለው የተያዙ ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል ከእሳቸው አልሰማሁም። ጫጫታው መሀል ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አሰብን ታውቀዋለህ?»

«በካርታ።»

«በካርታማ ማን የማያውቀው አለ።»

ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ሆኖም ካቦው አቋርጦ ዞረ፤ ሌሎቹም ዞሩ።

«ከወደቡ እስከ ኮምቦልቻና ደሴ ጭኛለሁ፤ ወጣትነቴ ያለቀው እዚያ መንገድ ላይ ነው» አሉ። «እዚያው አሰብ አገባሁ። የዚያው አገር ሰው ናት። ሴት ልጅ ወለደችልኝ። አገሩ ሲለያይ ወላሂ እኛ ምንም አልታወቀንም። ባንዲራው ተለወጠ እንጂ ብሩ ያው ብር፣ ወደቡ ያው ወደብ ነበር። ድንበሩ ላይ ወረቀቴን አሳያለሁ፣ ያልፉኛል፣ ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ። ኋላ ገንዘቡ ተለያየ። አዲስ ብር መጣ፣ አዲስ ቀረጥ መጣ፣ አዲስ ማኅተም መጣ። በአንድ ወረቀት የማልፈው ሰውዬ አምስት ወረቀት ይዤ እሰለፍ ጀመር። እኛ ሾፌሮቹ ተጨቃጨቅን። ትልልቆቹም ተጨቃጨቁ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።»

«እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ሚሌ። ባዶ መኪና ይዤ ልጭን ስወርድ። ተመለስ አሉኝ። ነገ ይከፈታል ብዬ መኪናው ሥር አራት ቀን ተኛሁ።» እጃቸው ማርሹን ለቀቀች። «ስንት ዘመን አልፎ ስልክ ተከፈተ ሲባል ደወልኩ። ሚስቴ ሞታለች። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት። ‹ማን ልበል?› አለችኝ።»

 ካቦው ወደ እሳቸው ተጠግቶ፣

«ታዲያ አባቴ፣ ጉምሩኩ እንደነበረ ቢቆይ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«አላውቅም!» አሉት ተቆጥተው። «ሁሉም ይሄንኑ ይጠይቀኛል። ቀረጡ ይሁን፣ ገንዘቡ ይሁን፣ የሰዎቹ ልብ ይሁን፣ እኔ ከየት አውቃለሁ? መኪና ነው የምነዳው።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያኔ የሁሉም ወሬ መውጣቱ ነበር። ከወጣ በኋላ ሰው በየት በኩል ይገባል፣ በምን ወረቀት ይገባል ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈ አንድ መምህር አላየሁም። አንተ ጽፈሃል። የጻፍከውን እንዳትክድ።»

ከምሳ በኋላ ተጠራሁ። ቃሌ በሁለት ገጽ ተጽፎ ጠበቀኝ። መርማሪው ብዕር አቀበለኝና የመጨረሻውን ገጽ ታች በጣቱ አሳየኝ።

«እዚህ ጋ ፈርም።»

«ላንብበው።»

«ያልከውን ነው የጻፍኩት። ምን ታነበዋለህ?»

«እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ» አልኩት። «ውጫሌ የተወለደ ሰው ሳያነብ ውል አይፈርምም።»

ትንሽ ቆይቶ ገባው መሰለኝ፤ አፉን በእጁ ሸፈነና ወረቀቱን ገፋልኝ። አነበብኩ። ስለ መገንጠል ቅስቀሳ ማድረጌን፣ ኬላ እንዲቋቋም ሐሳብ ማቅረቤን፣ ሦስት አባላት ያሉት ተቃዋሚ ቡድን ማደራጀቴን ይናገራል። ከታች ለስም ሦስት ተራ ቁጥር ተትቷል። በያዝኩት ብዕር «መገንጠል» የሚለውን ሰርዤ የርዕሱን ቃል እንዳለ ጻፍኩ። «ኬላ»ን ሰርዤ «ጉምሩክ» አልኩ። «ኅብረት» የሚለውን በሃሌታው «ሀ» ቤት ጽፎት ስለነበር እሱንም አረምኩ፤ የሥራ ልማድ ነው። ሦስቱ ተራ ቁጥሮች ጋ ስደርስ አንድ ላይ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ሁለት ላይም ስሜን ጻፍኩ። ሦስት ላይም። ከዚያ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ስቦ አነበበው።

«ይሄ ቀልድ ነው?»

«አይደለም። ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ተቃዋሚ ከተፈለገም ያለሁት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ የሆነውን አልዘረዝርም። ግራ ጆሮዬ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲጮህብኝ ቆየ። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም፤ አጣጥፎ ፋይሉ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኛው ሊወስደኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ እያለ መርማሪው ከሚዛኑ ላይ ጃኬቱን እያወረደ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ግን አንተ ራስህ… ይቆይ ነው የምትለው ወይስ ይቅር?» አለኝ።

«እኔ ዳኛ ነበርኩ» አልኩት።

ሦስቱን ልጆች ማንም አልጠራቸውም። ወረቀቱ ላይ ያደረግኩት ነገር አዳናቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ለምን እንደተተዉ አላውቅም፤ የዚያን ሳምንት መኪና ጠፍቶም ይሆናል። እኔም ያለ ክስና ያለ ማብራሪያ፣ እንዳመጣጤ፣ «ሂድ» ተባልኩ። ትምህርት ቤት ስመለስ ክበቡ ተዘግቷል። ኋላ ሲከፈት የተፈቀዱ ርዕሶች ዝርዝር አብሮት መጣ። ብዕር አሁንም እያሸነፈ ነው።

ሾፌሩን ባለፈው ክረምት ሐይቅ መናኸሪያ በር ላይ አገኘኋቸው። ከኔ ቀድመው ተፈትተዋል። መኪናውን ሸጠውታል። ዝናቡን ሽሽት የአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምን። ልጃቸው አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ድምፃቸውን ለይታ «አባዬ» ትላለች። መጥታ ልታያቸው ትፈልጋለች።

«ምን ወረቀት ነው የሚያስፈልጋት?» አሉኝ። «በኔ ጊዜ ሁሉንም አውቀው ነበር። አሁን ያለውን አላውቀውም። አንተ የተማርክ ነህ።»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እያጣራሁ ነው። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሌላው ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደውል ይለኛል፤ የአዲስ አበባው ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ደሴ ያለች አንዲት ጸሐፊ ለምን እንደምጠይቅ ስትጠይቀኝ ለአፍታ ደነገጥኩ። ከዚያ ነገርኳት፤ ሴት ልጅ አባቷን ልታይ ነው አልኳት። በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ሰኞ ተመለስ አለችኝ።

ሾፌሩ ትናንት ማታ ደወሉልኝ።

«አገኘህ?»

«ገና ነኝ አባቴ።»

«እሺ፤ ሰኞ ሄደህ ጠይቅልኝ» አሉና ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ አለኝ። ለባልደረባዬ አስረክቤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ እወጣለሁ።