በረኪና የጠጣው ጉድጓድ

እናቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ባለው ቤታችን አሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ዕድሜ ልኳን በእንጨት ስለጠበሰች ደረቷ ታሟል፤ ሐኪሙ ከጭስ ካልራቀች ሳሉ እንደማይለቃት ነግሯታል። ምድጃውን ትታ እጇን አጣጥፋ ብትውል ደግሞ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ሰው ሳታዝ መዋል የማይሆንላት ሴት ናት።

ስለዚህ ባዮጋዝ ላሠራላት ተነሳሁ። ጓሯችን ውስጥ የታሸገ ጉድጓድ ይሠራል፤ የጎረቤታችን ላሞች እበትና አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ አሞሮች የምንወረውረው የአሳ ሆድ ዕቃ በውሃ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ አየር ሳያገኝ ሲብላላ ጋዙ በቱቦ ወደ ምድጃው ይመጣል። ይህን ስነግራት «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። በእበት ጋዝ የተጠበሰ አሳ ማን ይበላል ነው ነገሩ። ቢሆንም አስቆፈርኩ፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

እሳቱ የተያያዘ ቀን ሰማያዊውን ነበልባል አየት አድርጋ መጥበሻዋን ጣደችበት። ከእሷ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ጥቂት ሳምንታት በደንብ ሠራንበት፤ ከዚያ ነበልባሉ እየቀጨጨ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። እናቴ ወደ እንጨቷ ተመለሰች፤ ሳሉም አብሮ ተመለሰ። ከጓዳ ሆኜ ስትስል ብሰማት ጉድጓዱን ወደሠራልን ባለሙያ ደወልኩ።

ባለሙያው መጥቶ ምን እንደምንጨምርበት ጠየቀ። እበት፣ የአሳ ሆድ ዕቃና ውሃ ብቻ አልኩት። እናቴ ከኋላዬ ሆና በኩራት ጨመረችበት፦

«ማታ ማታ ደግሞ እኔ በረኪና እደፋበታለሁ። እኔ ቤት የሚሸት ነገር የለም።»

አሳ የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲዘጋ ወለሉ በረኪና በረኪና ካላለው የታጠበ አይመስለው። ባለሙያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ጋዙን የሚሠሩት እዚያ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እንደሆኑና በረኪናው እንደፈጃቸው አስረዳት። እናቴ ደነገጠች። ንጽሕናዋ ጥፋት ሆኖ ሲቆጠርባት ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

የተበላሸውን አስወጥተን በአዲስ እበት ሞላነው። እናቴም ነበልባሉ እስኪነሳ ድረስ እንጨት አላነድም ብላ የአሳ ሥራዋን ዘጋች። እበቱን በራሷ እጅ ትበጠብጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ነፍሳቱን እንደ ጫጩት ቆጥራ «በሉ?» እያለች ትጠይቀኛለች። በመጨረሻ ነበልባሉ ተነሳ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ዝቃጭ አሁን ጎረቤታችን ለጎመኑ ማዳበሪያ ብሎ ይወስደዋል፤ በእበቱ ምትክ መሆኑ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት የእናቴ ጭቅጭቅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። አሳ አምጪው ያደረ አሳ ሊያሸክማት ሞክሮ ኖሯል፤ እሷም ከምድጃዋ ሳትነሳ ስድቡን ታወርድበታለች። ድሮ እንዲህ ስትሆን በሰው ፊት አፍር ነበር። ያን ጠዋት ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኳት፤ አንዴም ሳታስል ሰድባው ጨረሰች፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።