በግራ በኩል
ጢማቸውን የሚላጩት በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጢም ሲላጩ የኖሩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን በግራቸው ያለ ነገር ሁሉ ለእሳቸው የለም። ምግብ ሲቀርብላቸው የሳህኑን ግማሽ ይተዉና «አሳነሳችሁብኝ» ይላሉ።

እኔም እንደ እሳቸው ታካሚ ነኝ፤ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የማይታዘዘኝን እጄን ኳስ አስጨብጣለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሚስታቸውን ሁልጊዜ በግራቸው ታስቀምጣለች። «እርስዎ እንዳይጠሯቸው፤ ራሳቸው ዞረው ያግኙዎት» ብላቸዋለች።

ዛሬ በቀኝ በኩል ያለውን በር ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ባለቤቴ አልመጣችም?» አሏት።

«እስቲ በግራ በኩል ይፈልጓቸው፣ ጋሼ።»

አንገታቸው መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የለችም» አሉ። «ታክቷት ይሆናል፤ አልፈርድባትም።»

ሚስትየው ቀና አላሉም። የባላቸውን ግራ እጅ ጭናቸው ላይ አድርገው ጥፍሩን መቁረጥ ቀጠሉ።