ዋስ ያስጠራኝ ግንደ ቆርቁር

አዲስ አበባ ውስጥ ከቁራና ከአሞራ በቀር ወፍ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ወፍ ማየት የፈለገ ወደ ሐይቆቹ ይውረድ የሚሉትም እንዲሁ። የሐይቅ ዳር ወፍ ማንም በካሜራ ያነሣዋል፤ ቁመቱ ረጅም፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ደግሞም ቆሞ ይጠብቃል። እኔ የምወደው ከዛፍ ዛፍ የሚዘለውን ተራ ወፍ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ አናውቅም። እሱን ለማንሣት እንደ ታኅሣሥ ያለ ወር የለም፤ ግራሩ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ወፉም ውርጩን ፈርቶ ላባውን ነፍቶ እንደ ጨርቅ ኳስ ክብ ብሎ ይቀመጣል።

ንጋት፣ ሾላ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የደምሴ ታክሲ ከደጄ ቆመች። ደምሴ የቆየ ወዳጄ ነው። የቤንዚን ኩፖኑን ለወፍ ማባከኑ እንደሚያንገበግበው በየጉዞው ይነግረኛል፤ ጠርቼው ቀርቶ ግን አያውቅም። የትንሿ ፊያት፣ የሰይቼንቶዋ፣ መስኮት አይዘጋም። በጋቢዬ እስከ ዓይኔ ተጀቡኜ፣ የሩሲያ ካሜራዬን ከነረጅም ሌንሱ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ተቀምጫለሁ።

ሾላ ገበያ ገና እየነቃ ነው። የሽንኩርት ጆንያ ከጭነት መኪና ይወርዳል፤ አህዮች ቅጠል ተጭነው ይገባሉ፤ አንዲት ሴት በርበሬዋን በሸማ ሸፍና እጇን በትንፋሿ ታሞቃለች። ከእህል ተራ ሥር ድንቢጦች የፈሰሰውን ይለቅማሉ።

«ይኸው ወፍ» አለ ደምሴ። «አንሣና እንመለስ።»

«ይሄ ድንቢጥ ነው። ገበያተኛ ነው እንጂ የጫካ አይደለም።»

«አንተ ደግሞ ወፉንም በመደብ ትከፍላለህ።»

ጠዋት፣ ከመገናኛ ወዲያ

አስፋልቱ አለቀና አቧራው ጀመረ። አንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ዘንድ ቆምን። ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዋኖሶች ፀሐይ በሚመታው ቅርንጫፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ ቅዳሴ እንደረዘመባቸው ሽማግሌዎች ያንቀላፋሉ። ከሥራቸው ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው ቢጫ ትናንሽ ወፎች ከቅጠል ቅጠል ይዘላሉ። እነሱን ለማንሣት የሞከረ ሰው ትሕትና ይማራል። እኔም ተምሬ ወጣሁ።

ረፋድ፣ ጎሮ

ጎሮ የእርሻ አገር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ ቆሟል። ቤቶቹ ተራርቀዋል፤ የቦሌ አውሮፕላኖችም ሲያርፉ በላዩ ያልፋሉ። ከመኪናዋ እንደ ወረድኩ ሰማሁት፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከአንድ ቆርቆሮ ቤት አጥር ውስጥ የደረቀ ግራር ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ግንደ ቆርቁር ተለጥፎ ይመታል።

የቤቲቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ትባላለች። የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል። ከበሯ ላይ ስኳርና ክብሪት ትቸረችራለች። ምን እንደምፈልግ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይሄን እንቅልፍ አጥፊ ልታነሣው ነው ከከተማ የመጣኸው? ሚስት የለችህም እንዴ፣ እሷን አታነሣትም?»

«እሷ ቆማ አትጠብቀኝም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነው ያንኳኳው። ባሌ ሊወስዱት የመጡ መሰለው። ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ፣ ጫማውን አሠረ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ስንቅ ቋጠርኩለት። በሩን የከፈተ የለም፣ የገባም የለም። ሲነጋ ወጥተን ብናይ ይሄ ነው። ወላሂ፣ ያን ቀን እስኪያመን ሳቅን።»

«ዛፉ ደርቋል፤ አልቆረጣችሁትም?»

«ባሌ መጥረቢያ እንዳይነካው ብሏል። አሁን ሲያንኳኳ ዞር ብለን እንተኛለን።»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ጉድባ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወፉ እንዳይደነግጥ ጋቢዬን እራሴ ላይ ጥዬ የሌንሱን አፍ ብቻ አወጣሁ። አዋቂ ወፍ አንሺ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን፣ በጋቢ ተሸፍኖ አንድ ጥቁር አፈሙዝ ወደ ሰማይ የደገነ ሰው ነው የሚያየው። ይባስ ብሎ አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

«አትንቀሳቀስ።»

ረጅም ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ነበር። ጋቢውን በአፈሙዙ ገለጠው። ካሜራ መሆኑን ሲያይ ይረጋጋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ አውሮፕላን የማነሣ ሰላይ መስዬው ፊቱ ተለወጠ።

ቀትር፣ የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ

ሊቀመንበሩ ጨዋ ጎልማሳ ነው። ካሜራዬን ጠረጴዛው ላይ እንደ ታመመ ሕፃን በጥንቃቄ አስተኛው።

«ወፍ ነው ያነሡት?»

«ወፍ ነው።»

«አንሥተው ምን ያደርጉታል?»

«አየዋለሁ።»

«አሁን አይተውት የለም እንዴ?»

 ሊቀመንበሩ ዋስ እንድጠራ አዘዘ። ደምሴ እኔ አለሁ ብሎ ብድግ አለ።

«አንተ ይዘኸው የመጣህ ነህ። ለራስህም ዋስ ያስፈልግሃል።»

ደምሴ ተቀመጠ። ጎሮ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም፤ ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል። በዚህ መካከል ወይዘሮ ዘይነባ ሻሿን እያስተካከለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባች።

«ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ታውቂዋለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ስሙስ ማን ነው?»

«አላውቅም። ወፉን ግን አውቀዋለሁ፤ ሲያነሣው የነበረው እሱን ነው።»

ሊቀመንበሩ እንዳይስቅ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ፊቱን መልሶ አጠነከረ። «እንግዲያው ፎቶውን በወረቀት አሳጥቦ እስከ ወሩ መጨረሻ ያምጣ። ወፍ ከሆነ ወፍ ነው። ካልመጣ ግን የምጠይቀው አንቺን ነው።»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ለሁለታችንም አተመች። ካሜራውን ከነፊልሙ መለሱልኝ። ደጅ ላይ ላመሰግናት ስሞክር፣ «ምስጋናውን ተወው፤ ብቻ አታስጠይቀኝ» ብላ ጣቷን በአጥሩ እንጨት እየጠረገች ወደ ሱቋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

ገርጂ ስንደርስ ደምሴ መኪናዋን ቀስ አደረጋት። ከዚያ፣ «እኔ ዋስ ልሆንህ የተነሣሁት ስለማውቅህ ነው። እሷ የሆነችልህ ስላላወቀችህ ነው» አለ።

በማግስቱ ፊልሙን ቤቴ አጠብኩት። ወፉ አለ፤ ጥፍሩን ግንዱ ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ሊመታ ሲል ነው የያዝኩት። አውሮፕላን የለበትም። በሕይወቴ ካነሣሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ግን ያለው በፊልሙ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ። ሊቀመንበሩ በወረቀት ነው ያለው። የፎቶ ወረቀት ደግሞ ከከተማው ጠፍቷል። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ለጉርድ ፎቶ እንኳ ሰው እየመለሱ ነው፤ ወፍ ስላቸውማ የሚያዩኝ እንደ እብድ ነው።

ይህን ከምታነቡት መካከል ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ለልጅ ሠርግ ያስቀመጣችሁት የፎቶ ወረቀት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሠርጉ ይቆይ። አንድ ቅጠል ስጡኝ፤ ወሩ ሳያልቅ ስጡኝ።