የዳማ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ውስጥ፣ አስፋልቱን ለሁለት የሚከፍለውን ሣር አንድ ሰው በትከሻው ባንጠለጠለው ማሽን ያጭድ ነበር። ሰማያዊውን ጭስ ነፋስ ይዞት መጣ። ከቤንዚን ጋር የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ሲመጣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ናፍቆት ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። የሚቀድመው ግን ንዴት ነው። ናፍቆቱ ዘግይቶ ይደርሳል።

ሽታው የዳማ ሽታ ነው። ዳማ የአባቴ ሞተር ሳይክል ነበረች። ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ የሚሏት ዓይነት፣ መልኳ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ። አባቴ ሱሉልታ ውስጥ የከብት ሐኪም ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ፣ ለዓመታት ሲነዳት የኖረውን ሞተር ራሱ ገዛት።

ሱሉልታ የፈረስ አገር ነው። በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ፈረሱ ቦራ ከሆነ ባለቤቱ አባ ቦራ ነው። አባቴ ፈረስ አልነበረውም። ገበሬዎቹ ግን እሱን ያለ ስም ማለፍ ስለከበዳቸው የሞተሯን ቀለም አይተው እንደ ቀይ ቡናማ ፈረስ ዳማ አሏት፣ እሱንም አባ ዳማ አሉት። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም የጠራው ሰው ትዝ አይለኝም።

ድምጿ ከሌላው ይለይ ነበር። ቀስ ስትል ጣሳ ውስጥ ባቄላ እንደሚቆላ ትንጣጣለች፤ ዳገት ሲመጣ ድምጿ ይቀጥንና እንደ ንብ ይሆናል። ገና ከኮረብታው ጀርባ ሳለች ሰዎቹ ሰምተው "አባ ዳማ ዱፌ!" ይባባላሉ፣ አባ ዳማ መጣ ማለታቸው ነው። እሱ ደጃፍ እስኪደርስ የታመመችው ላም ከበረት ወጥታ፣ ታስራ ትጠብቀዋለች። ጡረታ ከወጣ በኋላም መሄዱን አልተወም። ጉልበቱን ያመው ስለነበር በእግሩ ራቅ ብሎ መሄድ አይችልም። ዳማ ነበረች እግሩ።

እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ሞተር ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ዳማን ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ተሳስቼ፣ እንደገና ፈትቼ ተማርኩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበት የካርቡራተር ቀዳዳ በሽቦ እንደማይጎረጎር፣ በአፍ መንፋት እንደሚበቃ ያወቅሁት በእሷ ነው። እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ነቅዬ ቀለሙን አያለሁ። ነጭ ከሆነ ሞቋታል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት በዝቶባታል፤ የደረቀ የቡና ገለባ ከመሰለ ደህና ናት። ዳማ ነገሯን አትደብቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን መታወቅ ነበረበት። የዛሬዎቹ ሞተሮች ዘይታቸው ለብቻው ሆዳቸው ውስጥ ይቀመጣል፤ ነጂው ቤንዚን ሞልቶ መሄድ ብቻ ነው። የዳማ ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ለሃያ አምስት እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት። ያ ካልገባ ፒስተኗ በደረቁ ይፋተጋል። አባቴ ይህን ዘይት "ቅቤ" ይለው ነበር። ማደያ ስንደርስ "ቅቤዋን" ይለኛል፤ እኔም ከኮርቻዋ ጀርባ ከታሰረው ሳጥን ትንሿን ጠርሙስ አወጣለሁ። የሱሉልታ ቀጂዎች ለምደውን ነበር።

"አባ ዳማ፣ ዛሬም በቅቤ ነው የምትበላው?" ይላሉ።

"እናንተ ሽሯችሁን በዘይት ብሉ፣ እሷ በቅቤ ትብላ" ይላቸዋል።

ታላቅ ወንድሜ ከእኛ ጋር አልነበረም። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ሰበታ ሄዶ፣ ፋብሪካ ገብቶ እዚያው ቀረ። አዲስ ሞተር ነበረው። አውራ ጣቱን ጫን ሲያደርግ የምትነሳ፣ ጎንና ጎኗ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ መብራቷ ቀን የሚበራ። ለበዓል ሲመጣ ሆን ብሎ ከዳማ ጎን ያቆማታል።

"ይቺን ጭስ ቤት መቼ ነው የምትጥሏት?"

"የአንተዋ ስትወድቅ በመጥረጊያ ነው የምትሰበስባት" እለዋለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ሚስት ስታገባ ከካርቡራተር ጋር ሳትፈራረም አትቀርም!"

እንሳሳቅ ነበር፣ ያኔ። አባቴም "ፈረስና በቅሎ አታጣሉ፣ ሁለቱም ያደርሳሉ" ይላል።

ሐቁን ልናገር። የወንድሜ ሞተር ቤንዚን አታባክንም፣ አታጨስም፣ ጠዋት ውርጭ ላይ ወዲያው ትነሳለች። ዳማ በሱሉልታ ብርድ እስክትነሳ የሰው ላብ ታወጣ ነበር። ይህን አልክድም። የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ የተበላሸ ሁሉ ያለቀ ነው የሚል፣ ከአዲሶቹ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ ልማድ። ሌላም የሚያናድደኝ አለ። አሁን ቡራዩ ባለችው ጋራዤ ፀጉራቸውን ያሳመሩ ልጆች ይመጡና "ብሮ፣ የድሮ ሞተር ነፍሳችን ነው" ይሉኛል። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ ካፌ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቤንዚን ታንከር ነው። ሞተሩ ይነሳል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

የዳማም ጣጣ የጀመረው በእንዲህ ያለ ፍቅር ነው። ወንድሜ ሰበታ ውስጥ ለጓደኛው ሚዜ ሆነ። ሙሽራውን በሞተር ሊያጅቡት ነበርና፣ አሮጌ ሞተር ከፊት ብትሄድ ለቪዲዮ ታምራለች ተባለ። ሲስቅባት የኖረው ሰው መጥቶ ዳማን ለመነ። አባቴ ደስ ብሎት በጨርቅ ወለወላት። እኔ በዚያ ቀን ቡራዩ ነበርኩ፤ የሆነውን ሁሉ የሰማሁት ከሁለቱ አፍ ነው። ወንድሜ አስነስቶ ከበር ሲወጣ፣ አባቴ ከኋላው ጮክ ብሎ፣

"ቅቤዋን እንዳትረሳ!" አለው።

"አልረሳም አባዬ!" አለ ወንድሜ።

አልረሳም። ገበያ ጎራ ብሎ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ለሙሽራዋ እናት ገዛ። ከሱሉልታ ተነስቶ ወደ ሰርግ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ አባቴ ያንን ያስታወሰው መሰለው። ቅቤውንም ከኮርቻዋ ጀርባ፣ የዘይቱ ጠርሙስ ያለበት ሳጥን ላይ አሰረው። ከተማ መሃል ዳማን ከማያውቁበት ማደያ ገብቶ ንጹሕ ቤንዚን እስከ አፏ ሞላትና መንገዱን ቀጠለ።

ሰበታ ሊገባ ዓለም ገና ላይ ዳማ ጮኸች። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ ነበር አለ። ከዚያ ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ተያዘ፣ የኋላ ጎማዋም ቀጥ ብሎ አስፋልቱ ላይ ተጎተተ። ወንድሜ እንደ ምንም ሳይወድቅ አቆማት። ሙሽራው ይጠብቃል፣ ስልኩ ይጮኻል። እሱ በሚያውቀው የተያዘ ሞተር አለቀለት። ከመንገዱ ማዶ ቆራሌዎች የሰበሰቡትን ብረት የሚያስረክቡበት ግቢ ነበር። ገፍቶ አስገባት፣ ሸጣት። ቅቤውን ታቅፎ በባጃጅ ሰርጉ ቤት ደረሰ።

አልደወለልንም። "ቀኑን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው" አለ፣ በማግስቱ ለብቻው ወደ ቤት ሲመጣ።

በቅቤው አልተናደድኩበትም። በቅቤውማ እኔም አንድ ቀን እስቅ ነበር። ዳማ ተያዘች እንጂ አልሞተችም! ሲሊንደሯን ብረት ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ በጥቂቱ ማስፋት፣ በልኩ ወፈር ያለ ፒስተን ማስገባት፤ ሥራው ይኸው ነው። አሮጌ ሞተር የተሠራው እንዲህ ተደርጎ እንዲድን ነው። አንድ ጊዜ ቢደውል "እንዳትነካት፣ መጣሁ" እለው ነበር። ይህን እዚያው ፊቱ ላይ ጮኼበት ወጣሁና ወደ ዓለም ገና በረርኩ።

የብረቱ ግቢ ባለቤት ወፍራም ሰውዬ ነበሩ፤ በተቆለለ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ብርቱካን ይልጣሉ።

"የትናንቱ ሁሉ ተጭኖ ገላን ብረት ማቅለጫው ገብቷል" አሉኝ።

"ሞተር ሳይክል ናት። ቀይ ናት።"

"ልጄ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ቀይ ነው፤ ዝገት።"

ወደ ክምሩ ገባሁ። የበር መዝጊያ፣ የአልጋ እግር፣ የተጨፈለቀ በርሜል። እያገላበጥኩ እጄ ደማ። ሰውዬው ብርቱካናቸውን ከፍለው እኩሌታውን ዘረጉልኝ።

"ይሄኔ ቀልጣ ፌሮ ሆናለች። ፎቅ ውስጥ ገብታ መቶ ዓመት ትቆማለች፤ ምን ያናድድሃል?"

ሊያጽናኑኝ ነበር የፈለጉት። አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ብርቱካኑን ሳልቀበል፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ቤት ስመለስ ወንድሜ ሳሎን ተቀምጧል።

"አዲስ እገዛለታለሁ አልኩ እኮ!"

"የሸጥከው የሚገዛ ነገር አይደለም!"

"ቅቤ ሲባል እኔ የማውቀው ቅቤ ነው! ዘይትን ማነው ቅቤ የሚለው?"

አባቴ ከጥግ ወንበሩ ቀና አለ።

"እኔ" አለ። "እኔ ነኝ የምለው። ጥፋቱ የአፌ ነው፣ ልጁን ተወው።"

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይኸ ነበር። በእሱ ላይ መናደድ አይቻልማ።

ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ፤ አዲስ ሞተር ገዝቶ አመጣ። ጥሩ ሞተር ነበረች፣ እንከን አላወጣሁላትም። አባቴ መረቀውና ጥቂት ጊዜ ወጣባት። ድምጿ ግን እቃ እንደሚያመላልሱት ሞተሮች ሁሉ ነው፤ እሱ ሲመጣ ማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሲደርስ ላሟ ከመስክ አልገባችም፣ ሰዉም እርሻ ላይ ነው። "ውይ፣ መቼ መጡ? አልሰማንም እኮ!" ይሉታል። ድምፁ በማያስታውቅ ነገር መሄድ እንደ ሌባ መግባት ነው አለኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀ። ከዚያ ሸራ አልብሶ አቆማት። እኔም ጡረታ የወጣ ሳይሆን የታሰረ ሰው እያየሁ ከረምኩ። ወንድሜን አናግረዋለሁ፣ በበዓል አብረን እንበላለን። የሞተር ወሬ ሲነሳ ግን ተነስቼ እወጣለሁ።

ባለፈው መስከረም አባቴን ይዤ አንድ የድሮ ወዳጁን ልንጠይቅ ሱሉልታ ዳር ወዳለ ገበሬ ቤት ሄድን። መኪና እስከሚገባበት በታክሲ፣ ከዚያ ትከሻዬን ተደግፎ ቀስ እያለ። ሽማግሌው ከሩቅ ሲያዩት "አባ ዳማ! ግቡ፣ ግቡ!" እያሉ ወጡ። ተቀመጥን፣ እርጎ ቀረበልን። የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ፣ ከአባቴ ፊት መጥታ ቆመች።

"አባ ዳማ ለምን ተባሉ?"

አባቴ እርጎውን አስቀመጠ።

"ዳማ የምትባል ፈረስ ነበረችኝ።"

"ትሮጥ ነበር?"

"በጣም።"

"የት ሄደች?"

"አረጀችና ሞተች" አለ።

ደሜ ፈላ። ፈረስ አልነበረችም። አርጅታም አልሞተችም። ከነሙሉ ዕድሜዋ፣ ልትድን ስትችል፣ ዓለም ገና ላይ ለብረት ነው የተሸጠችው። ላርመው አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳልናገር አልከለከለኝም፣ ጠበቀኝ እንጂ።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተስ ጋልበሃታል?"

"አዎ" አልኳት። "ጋልቤያታለሁ።"