ድምፄ አዋሳ ቀረ

ከአዋሳ የወጣሁ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ስዘፍን ነው ያደርኩት። ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ዘመድ ይሰናበታል፤ እኔ መሃል ከተማ ጋሽ ሸምሱ ካሴት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበት፣ ከአንድ ኦርጋን ተጫዋች ጋር የፍቅር ዘፈን እቀዳ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ካሴት ቸርቻሪም ነው፣ የወደደውን ዘፋኝ ቀድቶ የሚያወጣም ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር እስኪነጋ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እንባ ያዘኝና ድምፄ ተቆረጠ። እንድገመው ብዬ ጋሽ ሸምሱን ብለምነው፣ ቴፑ አይበቃንም ብሎ እንዳለ ተወው።

«አይዞሽ ማርታ» አለኝ፤ «ወላሂ ፎቶሽን ከላይ፣ ስምሽን በትልቁ አድርጌ ነው የማወጣው።»

ለምን ወጣሽ ብትሉኝ በዚሁ በጉሮሮዬ የተነሳ ነው። ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ጠዋት ስብሰባ፣ ማታ ስብሰባ፣ በመሃል መፈክር በዜማ። ልልቀቅና የራሴን ካሴት ላውጣ ብዬ ብጠይቅ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ጓድ ማርታ፣ ድምፅሽ የሕዝብ ነው» አለኝ።

«ትርፍ ቤት ሲወረስ አይቻለሁ ጓድ፤ እኔ ግን ያለኝ ጉሮሮ አንድ ነው» አልኩት።

ለዚህች ምላሴ ቀበሌ አሰሩኝ። ስፈታ ልቤ ቆርጦ ነበር።

እማዬን አልተሰናበትኳትም። የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ መዘምራኑን ትቼ ዓለማዊ ዘፈን ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ቀን ስዘፍን ሰምታኝ አታውቅም። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጋ ስትደርስ መንገድ ተሻግራ ነው የምታልፈው። እኔም ምን ብዬ ልሰናበታት? ሲነጋ የሞያሌ ጭነት መኪና ላይ የሾፌሩ ሚስት ተብዬ ተሳፈርኩ። ኬላ ላይ አንዱ ወታደር «ሚስትህ ምነው አኮረፈች?» ቢለው፣ ሾፌሩ «ሚስት አይደለች እንዴ?» አለውና ስቆ አሳለፈን።

ናይሮቢ ኢስሊ የሚባል ሰፈር ገባሁላችሁ። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤም ሚጥሚጣም የማያውቅ ገንፎ። ቆጮ በጎመን ያደገ ሰው ይህን ሲውጥ አስቡት። የአዋሳን ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ሳስብማ ምራቄን ውጬ እተኛለሁ። ብርዱንም ማንም አልነገረኝም። አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ሳንጎራጉር በሰማች ቁጥር ግድግዳ እየደበደበች «ኬሌሌ!» ትላለች፤ ጫጫታ ማለት ነው።

«ዘፋኝ ነኝ እኮ» አልኳት።

«እንግዲያው ዘፋኝ የሚያከራይ ፈልጊ። እኔ የማከራየው ለሚተኛ ሰው ነው።»

አገሬ የሕዝብ የተባለ ድምፅ እዚህ ጫጫታ ሆኖ አረፈው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር የምለማመደው።

የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት ቢሮ ቀረብኩ። ለምን እንደሸሸሁ ካመኑኝ ይሰጡኛል፤ ካላመኑኝ ፖሊስ ባገኘኝ ቀን ወደ ሞያሌ መመለስ ነው። ጠያቂው ኬንያዊ ሹም ነው፣ አስተርጓሚው የእኛው አገር ልጅ።

«ሥራ?»

«ዘፋኝ።»

«ማስረጃሽ?»

«ጉሮሮዬ።»

ሹሙ ሳቀና በይ ዝፈኚ አለኝ። ቆሜ ያን ሌሊት ከቀዳኋቸው የመጀመሪያውን ለቀቅኩት። ስጨርስ አስተርጓሚው፣ «ጎበዝ፣ በደንብ ታስመስያታለሽ» አለኝ።

«ማንን?»

«ዘነበችን ነዋ።»

ከመሳቢያው ካሴት አውጥቶ አሳየኝ። ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጎን ፎቶ ቤት የምትሠራው ዘነበች ሽፋኑ ላይ ተኳኩላ ትስቃለች። እንኳን ልትዘፍን፣ ጮክ ብላ ስትጣራ ሰምቻት አላውቅም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የከዳ ሰው ስም ያለበት ካሴት ባለሱቁን ያሳስራል። ጋሽ ሸምሱን አልረገምኩም ብል ውሸቴን ነው፤ ረገምኩት። ግን የእኔ ነው ብል ወሬው በሾፌሮቹ በኩል ሳይውል ሳያድር አዋሳ ይደርሳል፤ እሱም እሷም ይታሰራሉ።

«አዎ፣ ከእሷ ነው ያጠናሁት» አልኩ።

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመልኝ እንጃ፣ ሹሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሌላ ቀን ነይ ተባልኩ። ያ ሌላ ቀን ይኸው እስካሁን አልመጣም። ወረቀት ስለሌለኝ ከሰፈር አልወጣም፤ ወደ አገሬም አልመለስም። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ሳሎኑ ውስጥ ቴፑ ላይ የምዘፍነውም እኔው ነኝ። ደንበኞቹ «ዘነበች እኮ አንጀት ትበላለች!» ሲባባሉ እሰማቸዋለሁ።

በዚያው ባመጣኝ ሾፌር ቀጠሮ ልኬ እማዬ ባለፈው ሳምንት አዋሳ ቴሌ መጣችልኝ። መስመሩን የሚያዳምጥ አይጠፋም ብለን የእህቷ ልጅ ተብዬ ነው የደወልኩት። በቋንቋችን በሲዳምኛ ብናወራ ይጠረጥሩናል ብላ በአማርኛ፣ ልክ ከእንግዳ ጋር እንደምታወራ ነው ያወራችኝ።

«ደህና ነሽ የእህቴ ልጅ?»

«ደህና ነኝ አክስቴ።» እማዬ ማለት አማረኝ።

«እዚህ ዘነበች የምትባል ዘፋኝ ወጥታለች። ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።»

«አንቺ? ዘፈን?»

«እግሬን ስለሚያመኝ ነው ቁጭ የምለው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ልጅቱ አልቅሳለች። ሰው ሁሉ ማሳመሯ ነው ይላል። እኔ ማልቀሷ ነው አልኳቸው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ጸሎት ቤት በሄድኩ ቁጥር ስሟን ጠርቼ እጸልይላታለሁ» አለች፤ «ዘነበችን እንዳይርባት፣ ብርድ እንዳይመታት፣ ከእናቷ እንዳትለያት ጌታዬ እያልኩ።»

«አሜን» ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ።

ጸሎቷማ ተሰምቷል። ዘነበች ጠግባ ታድራለች፣ ብርድም አያውቃትም፣ ከእናቷ ጋር አዋሳ ትኖራለች። እኔ ወደ ምግብ ቤቱ ተመልሼ ሽንኩርቴን መላጥ ያዝኩ፤ ቴፑ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደርሶ ነበር።