ተከታዩን የጠየቀው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሼ ቆይ» ይሉት ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት አብራሪዎች ናቸው። ቸኩሎ «ውረድ» ከሚል «ቆይ» ብሎ ቢታማ ይመርጣል። ቤትም ያው ነው፤ በር ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ወጥቶ እስኪያበቃ ሌላውን እጁን ዘርግቶ ያቆመዋል። ባለቤቱ ለእንግዳ፣ «እኔንም ሳያገባኝ ስንት ዘመን ቆይ ሲለኝ ከረመ» ስትል እሱ ፊቱን ሳይለውጥ፣ «ቤቱ ተከራይ ነበረበት፤ ሳይለቅ የት ላስገባሽ?» ይላታል።

እኔ የዚያው አየር ማረፊያ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የሚወራው እየበዛም እየተጣመመም ስለሄደ፣ የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጥ። አውሮፕላን በተአምር አዳነ የሚሉ አሉ። ተአምር አልነበረም። አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

ማረፊያውን መንገደኛውም ጦሩም ይጠቀሙበታል። ወንድሜ የሚሠራው መስኮት በሌለው የራዳር ክፍል ውስጥ፣ የጦር አውሮፕላኖችን ከመንገደኛ አውሮፕላኖች በሚያራርቀው ወንበር ላይ ነበር። ወንበሩ የራሱ ልማድ አለው። ሁለት ተዋጊ ጀቶች ጎን ለጎን ሲበሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ራዳር ላይ የሚወጣው የመሪው ምልክት ብቻ ነው፤ ተከታዩ ምልክት የሚልክበትን መሣሪያ ያጠፋል። እርስ በርስ እንዳይጋጩ የሚጠብቀው መሪው ነው። ተቆጣጣሪው ጥንዱን ከሌላው ያራርቃል እንጂ በመካከላቸው አይገባም፤ በሬዲዮም የሚያናግረው መሪውን ብቻ ነው። መሪ እያለ ተከታይን መጠየቅ በጦሩ ዘንድ አባት በቆመበት ልጁን «አባትህ እውነቱን ነው?» እንደማለት ነው።

ጥያቄውን የጠየቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ጥንድ ከልምምድ ሲመለስ ደመና ዋጠው። መሪው ስመ ጥር ሻምበል ነው፤ ተከታዩ ገና አዲስ። ከበላያቸው፣ በሺህ ጫማ ልዩነት፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ይመጣል።

«ተከታይህን ታያለህ?» አለ ወንድሜ።

«አያለሁ» አለ ሻምበሉ።

በደንቡ ይህ ይበቃል። አጠገቡ የነበረችው ባልደረባው እንደነገረችኝ ግን ከመልሱ በፊት አንድ ትንፋሽ ነበረች። ዓይኑ ላይ ያለውን ነገር የሚናገር ሰው ትንፋሽ አይሰበስብም። ወንድሜ የመንገደኛውን አውሮፕላን ወደ ላይ አወጣውና ከሥሩ ያለው ከፍታ ባዶ እስኪሆን ጠበቀ።

«ምን ነካህ? ደህና ናቸው እኮ» አለችው።

«ቆይ» አላት፤ ሬዲዮውንም ከፈተ። «ቁጥር ሁለት፣ አንተስ መሪህን ታያለህ?» አለው ተከታዩን።

አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «አላይም» አለ።

የቀረው የዘወትር ሥራ ነው። ተከታዩ መሣሪያውን እንዲያበራ አዘዘው። ሁለተኛው ምልክት ሲወጣ ከመሪው ምልክት ጋር ሊደራረብ ምንም አልቀረውም፤ ከፍታቸውም አንድ ነበር። ልጁን ባለበት ከፍታ አቆየው፣ ሻምበሉን ወደ ተለቀቀው ከፍታ አወጣው፣ ከዚያ ተራ በተራ አሳረፋቸው።

በማግስቱ የአብራሪዎቹ አዛዥ፣ ኮሎኔሉ፣ ራዳር ክፍሉ ድረስ መጡ።

«አንተ ሰው፣ የኔን ቤት አስተዳድር ያለህ ማነው?»

«ቤትዎን አልነካሁም። ውስጥ ያሉት ይተያዩ እንደሆነ ነው የጠየቅሁት።»

«መሪዬ አያለሁ ብሎሃል።»

«ብሎኛል። ልጁ ደግሞ አላይም አለኝ።»

ሻምበሉ ሲጠየቅ፣ «እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፤ ልጁ ደንግጦ ነው» አለ። የምልክቶቹ መቀራረብ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥንድ ሲበር መቀራረቡ ሥራው ነው። በተከታይ ቃል መሪ አይረታምና ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ። ማኮብኮቢያው ላይ የሚተላለፉ የነዳጅና የዕቃ መኪናዎችን እንዲቆጣጠር ተመደበ።

ባለቤቱ ልታጽናናው ብላ፣ «እሰይ፣ አሁን እንኳ መሬት ረገጥክ» አለችው።

«መኪናም ቆይ ይባላል» አላት። ሳቀ፤ እራቱን ግን አልጨረሰም። ሃያ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ነበር።

ሻምበሉ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ያን ቀን ለወንድሜ ምሳ ይዤለት ወደ አዲሱ የሥራ ክፍሉ ሄጄ አብሬው ተቀምጬ ነበር። ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያኔ አላየሁትም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ደግመው ቢጠይቁኝም አያለሁ ነበር የምልዎት።»

«እሱን ብዬ አይደል አንተን ደግሜ ያልጠየቅኩህ» አለና ወንበር ሳበለት።

ሻምበሉ ተቀመጠ። «ለኮሎኔሉ ልናገር ነው። ወንበርዎ ይመለስልዎታል።»

«ወንበሩስ ይቅር፤ አሁን የተቀመጠችበት ልጅ ጎበዝ ናት። ከተናገርክ አይቀር፣ ከእንግዲህ ተከታይም ይጠየቅ በል።»

«መሪነቴን ይነጥቁኛል።»

«ይነጥቁህ ይሆናል» አለው ወንድሜ።

ተናገረ፤ ነጠቁትም። ኮሎኔሉ ወንድሜን ወደ ራዳር ክፍሉ እንዲመለስ አስጠርተውት ነበር፤ የልብ ሕመም ግን ቀድሞ ይዞት ስለነበር አልሄደም። ዛሬ በዚያ ክፍል፣ ጥንድ ደመና ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ መጀመሪያ መሪው፣ ቀጥሎ ተከታዩ። ተከታዮቹ ሳያመነቱ ይመልሳሉ። አዲሶቹ ተቆጣጣሪዎች ልማዱ ድሮም የነበረ ይመስላቸዋል። እኔም የማን ጥያቄ እንደነበር ልንገራችሁ ብዬ ሥራ ላይ እያሉ ገብቼ አላቋርጣቸውም።