የነገረ ፈጁ ዝምታ

ይግዛው የሰቆጣ ነገረ ፈጅ ነበር። ከደሃና እስከ አበርገሌ ሙግት ያለበት ሁሉ እሱን ፍለጋ በእግሩ ይመጣል። አፉን በከፈተ ቁጥር ዳኞቹ እንዴት እንደሚደነቁም ራሱ ለራሱ ይመሰክር ነበር። በ1951 ዓ.ም. ደሴ ለሚባል ባለጠጋ ተሟግቶ የአንዲት ባልቴት፣ የወይዘሮ ጥሩሐረግን የገብስ ማሳ አስፈረደለት። ሁለቱን የሐሰት ምስክሮች ያስጠናቸው እሱ ነው። ግሩም አድርጎ ነው ያስጠናቸው!

በዓመቱ ተስቦ ያዘው። ከሞት ሲተርፍ ሲኦል ትዝ አለውና ለነፍስ አባቱ ለአባ ገብረ ሊባኖስ ተናዘዘ።

"የበደለው አፍህ ነው" አሉት አባ። "ሁዳዴ እስኪፈታ ዝም በል።"

ይግዛው ዝም ከማለቱ በፊት፣ ዝም ሊል መሆኑን ሦስት ቀን ሙሉ እየዞረ ለአገሩ ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ሰው በሚያልፍበት በቤተ ክርስቲያኑ በር ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅልሎ ተቀመጠ። ሰላም ሲሉት በጣቱ ወደ ሰማይ ያመለክታል። ሴቶቹ "ይኸ ሰው እኮ ባሕታዊ ሆነ" እያሉ ሲንሾካሾኩ አንገቱን ይበልጥ ደፋ፤ ጆሮውን ግን ቀሰረ።

በሁለተኛው ሳምንት አባ አጠገቡ ቆሙ። "ልጄ፣ ይኸ ዝምታህ ከችሎት ክርክርህ ይብሳል። እዚህ ማንን በደልክ? ሂድ፣ ጥሩሐረግ ደጅ ዝም በል።"

ሄደ። ጥሩሐረግ ገና ስታየው ጀመረች። "የአባቴን ማሳ አስነጠቅኸኝ! በጥቅምት፣ በአዝመራዬ ላይ!"

ጥቅምት አልነበረም፤ ኅዳር ነው። ይግዛው ሊያርማት ቃጣውና ምላሱን ነከሰ።

"አምስት ውሸታም አቁመህ!"

ሁለት ናቸው። ላብ አጠመቀው። አሥር መልስ ነበረው፤ አሥሩም የሚረቱ። እስከ ቀትር አንዱንም አላወጣ። ባሕታዊ የሚለው ሰው በአካባቢው አልነበረም። ድምጿ ሲሰልል ቀና ብሎ አያት፤ ሙግቱ ከተጀመረ ወዲህ ፊቷን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የጥሩሐረግ ይግባኝ ተሰማ። ዳኛው "ነገረ ፈጅ ይግዛው፣ ምን ትላለህ?" ሲሉት ታዳሚው ለረጅም ክርክር ተመቻችቶ ተቀመጠ።

"ምስክሮቹን ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ሐሰት ነው።" ይኸን ብሎ ተቀመጠ።

ማሳው ተመለሰ። እሱ ስድስት ወር ታሰረ። ሲወጣ ጉዳዩን የሚሰጠው አንድ ባለሙግት እንኳ ጠፋ፤ እውነት የሚናገር ነገረ ፈጅ ለማን ይበጃል? ወደ ደሃና ሄዶ ገብስ እያረሰ ኖረ። አዲሶቹ ጎረቤቶቹ "ደግ ሰው ነው፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ሁለት ቃል አገጣጥሞ መናገር አያውቅም" ብለው ያዝኑለት ነበር።